አዳራሽ ውስጥ ስፖርት ሲነሳ ፎቶው ለምን ይበላሻል? የሌንስ ምርጫ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ ክረምቱ ከገባ ውጭ ሜዳ ላይ መጫወት የዕድል ጉዳይ ነው። መረብ ኳሱም ቴኳንዶውም ወደ አዳራሽ ይገባል። ካሜራ የያዘውም ተከትሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «ውጭ አሪፍ ያነሳ የነበረው ካሜራዬ ምን ነካው?» ምንም አልነካውም። የአዳራሽ መብራት ለዓይን በቂ ይመስላል እንጂ ለካሜራ ጨለማ ነው። አዲስ ቦዲ (ያለ ሌንሱ ካሜራውን ራሱን) ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት የተበላሸውን ፎቶ አጉልታችሁ እዩት።

ተጫዋቹ ደብዝዟል፣ መረቡና ግድግዳው ግን ጥርት ብለዋል

ይሄ የሹተር ፍጥነት ማነስ ነው፤ ሹተር ብርሃን ለማስገባት ለአፍታ የሚከፈተው የካሜራው መጋረጃ ነው። ሰው ሲሮጥና ሲዘል ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ያስፈልጋል። ኳስ ሲመታ እጁን ለማስቆም 1/1000 ይሻላል። ካሜራችሁ ግን ብርሃን ሲያጣ 1/100 ላይ ወርዶ ይጠብቃችኋል።

ጥፋቱ በአብዛኛው ከካሜራው ጋር በመጣው 18-55 ሌንስ ላይ ነው (ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው፤ ሲበዛ ሌንሱ የበለጠ ያቀርባል)። ዙም ስታደርጉት አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው እንደሚሰፋ አትርሱ። በቁጥር እንየው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ላይ በኤፍ 5.6 ካነሳችሁና ካሜራው 1/100 ከሰጣችሁ፣ አይኤስኦውን ሳትነኩ በኤፍ 1.8 ሌንስ 1/1000 ገደማ ታገኛላችሁ። የሚገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ኤፍ 2.8 ደግሞ አራት እጥፍ ይሰጣል። አይኤስኦውን ብቻ ከፍ እያደረጉ ያንን ማካካስ ይቻላል፤ ፎቶው ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ሻጩ «ይሄኛው ማረጋጊያ አለው» ብሎ ሊያግባባችሁ ይችላል። ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው። ዘሎ የሚመታውን ልጅ አያስቆመውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዙት 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ይሁን። ካኖንም ኒኮንም አላቸው፤ ቀላልና ከሌሎቹ ረከስ ያለ ነው። የኒኮን ተጠቃሚዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ ዲ3200 ወይም ዲ5300 ያሉ ቦዲዎች የራሳቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ያገለገለ ኤኤፍ-ዲ (የራሱ ሞተር የሌለው የቆየ) ሌንስ ረከሰ ብላችሁ ብትገዙ ፎከሱን በእጅ ስታዞሩ ጨዋታው ያልቃል። ሞተሩ ውስጡ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ፈልጉ።

«ሌንሱ አይደርስልኝም»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ረጅም ሌንስ ሲባል 75-300 ይገዛል። ያ ሌንስ ፀሐይ ላይ ይሠራል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ጫፉ ላይ ያው ኤፍ 5.6 ነው። ችግሩን አቅርቦ ማሳየት ብቻ ነው የሚሆነው።

የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው። አስተባባሪውን አስፈቅዳችሁ ጎኑ ላይ ከቆማችሁ መረቡ ሩቅ አይደለም። የካኖን ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለ) ላይ 50 ሚሜ ብታስገቡ፣ 8 ሜትር ርቀት ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይይዛል። መቺውና ተከላካዮቹ አብረው ይገባሉ። 85 ሚሜ ኤፍ 1.8 ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ይይዛል፤ አንድን ተጫዋች ለብቻው ለማውጣት ምርጥ ነው። ቅርጫት ኳስ ላይ ከቅርጫቱ ሥር ለመቀመጥ ከተፈቀደላችሁ 35 ሚሜ በቂ ነው። መድረክ ወይም ደረጃ ላይ ሆኖ ለማንሳት 70-200 ኤፍ 2.8 ያስፈልጋል። ውድ ነው፣ ከባድም ነው። ለአንድ ውድድር ብቻ ከሆነ አትግዙት፤ ሠርግ የሚያነሱትን ጠይቃችሁ ተከራዩ።

ከኋላ ያለው ተመልካች ጠርቷል፣ ተጫዋቹ ግን ከፎከስ ወጥቷል

ይሄ አፐርቸሩን በሰፊው መክፈት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። በ85 ሚሜ ኤፍ 1.8፣ 8 ሜትር ላይ፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት አንድ ሜትር አይሞላም። ፎከሱ የሚንቀሳቀሰውን ሰው እየተከተለ እንዲሄድ ካሜራው ካኖን ከሆነ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮን ከሆነ ኤኤፍ-ሲ ላይ አድርጉት። የመሃሉን የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጡና ተጫዋቹን ደረቱ ላይ ተከተሉት። ብርሃን ከተረፋችሁ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.2 አጥብቡት።

በተከታታይ ከተነሱት አንዱ ብሩህ፣ ቀጣዩ ቢጫና ጨለማ

ለዚህ ሌንስ አትግዙ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የአዳራሽ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ፈጣን ሹተር ያንን ይይዘዋል። ሜኑው ውስጥ ፀረ-ፍሊከር (መብራቱ ሲደምቅ ጠብቆ የሚያነሳ) ካለ አብሩት፤ ካኖን በ2014 ባወጣው 7ዲ ማርክ 2 ላይ አለ። ከሌለ ደጋግማችሁ አንሱና ምረጡ። የቀለሙን ጉዳይ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ።

ፎቶው ሁሉ ጭጋግ የለበሰ፣ መብራቱ ዙሪያ ነጭ ጸዳል

ይሄ ለጅማ ሰው በተለይ ነው። መጀመሪያ የፊት መስተዋቱን እዩ፤ የጣት አሻራ ሊሆን ይችላል። ከዝናብና ከብርድ ገብታችሁ ከሆነ፣ ሰው የሞላበት አዳራሽ ሙቀት ሌንሱን ጤዛ ያስይዘዋል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት።

ከተጠረገም በኋላ ካልለቀቀ ሻጋታ ጠርጥሩ። ርጥበት ባለበት አገር ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ወራት ከተኛ ውስጡ ይሻግታል። ሌንሱን ከካሜራው አውጥታችሁ በስልክ ባትሪ ከኋላው አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ካያችሁ እሱ ነው። ለባለሙያ ስጡት እንጂ ራሳችሁ አትፍቱት። ለወደፊቱ ክዳኑ አየር የማያስገባ የምግብ ዕቃ ውስጥ፣ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ ከሚመጡት ርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት። ሩዝ ውስጥ የሚቀብሩ አሉ፤ ሩዝ አቧራ አለው፣ ይቅርባችሁ።

ያገለገለ ሌንስ ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነም ይሄንኑ የባትሪ ፍተሻ ሻጩ በቪዲዮ አንስቶ ይላክላችሁ። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይላካል።