የከርነል ቪፒኤን ድራይቨር ኮድን ለትይዩ አሠራር ደህንነት መፈተሽ

እ.ኤ.አ. በ2020 ከሊኑክስ 5.6 ጋር ወደ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) የገባው ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ድራይቨር ለዚህ ፍተሻ ጥሩ መለማመጃ ነው። መቆለፊያዎችን (አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲነካው የሚያደርጉትን) ከመቁጠርዎ በፊት እያንዳንዱ የጋራ መረጃ ከየትኛው የኮድ መንገድ እንደሚነካ ይመዝግቡ። ፓኬት ተቀባዩ ክፍል በሶፍትአይአርኪው (ከሃርድዌር ጥሪ በኋላ ከርነሉ በሚያስኬደው አስቸኳይ ሥራ) ውስጥ ሲሠራ መተኛት (ፕሮሰሰሩን ለቆ መጠበቅ) ስለማይችል፣ እዚያ ሚውቴክስ (ጠባቂውን የሚያስተኛ መቆለፊያ) መያዝ ስህተት ነው። ያው መረጃ ከተራ ፕሮሰስም የሚነካ ከሆነ፣ በዚያ በኩል ያለው ስፒንሎክ (ሳይተኛ ደጋግሞ እየሞከረ የሚጠብቅ መቆለፊያ) ሶፍትአይአርኪውን የሚያግድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ፕሮሰሰሩ ራሱ የያዘውን መቆለፊያ እየጠበቀ ቆሞ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚገባው ለእያንዳንዱ የሚላክ ፓኬት ቁጥር የሚሰጠው የመላኪያ ቆጣሪ ይመስለኛል። ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድ ቁጥር ቢወስዱ ሁለት ፓኬቶች በአንድ ቁልፍና በአንድ ኖንስ (በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ መዋል በሌለበት ቁጥር) ይመሰጠራሉ፤ ይህም ዋየርጋርድ በሚጠቀምበት የምስጠራ ስልት፣ በቻቻ20-ፖሊ1305 ላይ፣ ምስጢሩን ያጋልጣል። ስለዚህ ቁጥሩን መጨመርና ውጤቱን መውሰድ በአንድ የአቶሚክ (በመሃል ሌላ ሊገባበት የማይችል) ክንዋኔ መፈጸማቸውን ያረጋግጡ። ለየብቻ የተጻፉ ከሆነ፣ በሙከራ ጊዜ ምንም ባይታይም (ብዙውን ጊዜ አይታይም) ኮዱን አይቀበሉ።

በአርሲዩ (ያለ መቆለፊያ ማንበብ በሚያስችለው የከርነል ዘዴ) የተገኘ ፖይንተር (የመረጃ አድራሻ) ከንባቡ ክልል ውጭ የሚያገለግል ከሆነ፣ ከመውጣቱ በፊት የማጣቀሻ ቆጠራው (መረጃውን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚያሳየው) ዜሮ አለመሆኑ ተረጋግጦ መጨመር አለበት። በመጨረሻ ሎክዴፕንና (የመቆለፊያ አጠቃቀም ስህተት ፈላጊ) ኬሲሳንን (ጥበቃ የሌለው ትይዩ የመረጃ ንክኪ ፈላጊ) ያሂዱ፤ ሁለቱም የሚያዩት በሙከራው የተሠራበትን መንገድ ብቻ ነው።