ሽሪምፕ ሲሞት፣ አልራባ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው ለሰሜን ሸዋ አርቢ

ቀዩ ቼሪ ሽሪምፕ፣ በመስታወት ገንዳ የሚረባው ትንሹ የጨው አልባ ውሃ ሽሪምፕ፣ ቻይ ነው። በ20 ሊትር ገንዳ ይኖራል፣ ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 8 ቢሆን አያጉረመርምም። የማይችለው ድንገተኛ ለውጥን ነው። ስለዚህ አንዱ ሞቶ ስታገኙት መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ባለፉት ሁለት ሦስት ቀናት ምን እንደተለወጠ አስቡ። ውሃ ቀየራችሁ? መብራት ጠፍቶ አደረ? ቤት ውስጥ ፍሊት ተነፋ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው።

በቅድሚያ ግን በእርግጥ መሞቱን አረጋግጡ። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ከጀርባው የተሰነጠቀ ነገር ካያችሁ ሽሪምፑ ያወለቀው ቅርፊት ነው። አታውጡት፤ ካልሲየሙን መልሰው ይበሉታል። የሞተው ግን ሥጋው ይደፈርስና ወደ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ይቀየራል። እሱን ቶሎ አውጡ።

ውሃ በተቀየረ ማግስት መሞት

ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ክሎሪን፣ ብርድ ወይም ብዛት። የባንቧ ውሃ በቀጥታ አይጨመርም። ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ፣ ሳይከደን 24 ሰዓት ይቆይ፤ በአየር ፓምፕ እየተናጠ ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ፣ በተለይ ከተከደነ፣ ክሎሪኑን ይዞ ያቆየዋል። ክሎሪን ማጥፊያ ካገኛችሁ መጠበቁ ይቀራል።

ብርዱን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በታኅሣሥ ውርጭ ከደብረ ብርሃን ባንቧ የወረደ ውሃ 24 ዲግሪ ካለው ገንዳ ጋር ሲቀላቀል ሽሪምፑ ይደነግጣል፣ ያለ ጊዜውም ቅርፊቱን ለመጣል ይሞክራል። ክሎሪኑ ከወጣ ውሃ ላይ ጥቂቱን አሙቃችሁ ከቀሪው ጋር ቀላቅሉ። በእጅ ነክቶ መገመት አያዋጣም፤ ቴርሞሜትር አስገቡ። በአንድ ጊዜ ከገንዳው ውሃ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ አትቀይሩ፣ እሱንም በቀጭን የአየር ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ።

በአንገቱ ዙሪያ ነጭ ቀለበት

ራሱና ጭራው በሚገናኙበት ቦታ ዙሪያውን ነጭ መስመር ከታየ፣ ቅርፊቱ ከጀርባ በኩል መሰንጠቅ ሲገባው ወገቡ ላይ ዞሮ ተቆርጧል፣ ሽሪምፑም መውጣት አቅቶታል ማለት ነው። ያ ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። በሽታ ስላልሆነም መድኃኒት አትጨምሩ፤ የምታተርፉት ሌሎቹን ነው።

ዋናው ምክንያት የማዕድን ማነስ ነው፣ በተለይ የካልሲየምና የማግኒዥየም። እኛ ጋ ይህ የሚብሰው በክረምት ነው፣ ሰው «ንጹህ ነው» ብሎ የዝናብ ውሃ ሲያጠራቅም። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ ደግሞ ከቆርቆሮው ሽፋን ዚንክ ይዞ ይመጣል፣ ዚንክ ለሽሪምፕ መርዝ ነው። የጣሪያ ውሃ ለገንዳ አይሁን።

የውሃውን ጥንካሬ፣ ማለትም የካልሲየምና የማግኒዥየሙን መጠን፣ ጂኤች (ጠቅላላ ጥንካሬ) በሚለካ መለኪያ ለኩ፤ ከ6 እስከ 12 ጥሩ ነው። ካነሰ ለሽሪምፕ የሚሸጠውን የማዕድን ዱቄት በሚቀየረው ውሃ እየበጠበጣችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉት። ተቀቅሎ የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ይሰጣል፣ ግን በጣም በዝግታ ስለሚሟሟ እሱን ብቻ አትመኑ።

በአንድ ሌሊት ብዙ መሞት

ትናንት ደህና የነበሩት እየተወራጩ ከዋኙ በኋላ በጀርባቸው ወድቀው እግራቸው ከተንቀጠቀጠ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሊትን ነው። የቁንጫና የትኋን መድኃኒት ነፍሳትን እንዲገድል የተሠራ ነው፣ ሽሪምፕም የነፍሳት ዘመድ ነው። የአየር ፓምፑ ደግሞ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ይነፋዋል፤ ሌላ ክፍል ውስጥ የተነፋ እንኳ በዚያ መንገድ ይገባል። ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋ፤ ሌላ ክፍል ከሆነም ፓምፑን አጥፉ፣ ገንዳውን ሸፍኑ፣ ቤቱን በደንብ አናፍሱ። ከገበያ የመጣ ቆስጣና ሰላጣም የተረጨበት ሊሆን ይችላል፤ ዝኩኒ ልጣጩን ልጦ፣ ቀቅሎ መስጠት ይሻላል።

ሌላው ተጠርጣሪ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ነው። በሁለቱም ጊዜ ክሎሪን በሌለውና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ከገንዳው ከሲሶ እስከ ግማሽ ወዲያው ቀይሩ፣ ፊልተሩ ውስጥም አክቲቭ ካርቦን (መርዝ እንዲመጥ የተዘጋጀ ከሰል) ጨምሩ። የምድጃ ከሰል አይተካውም። ብዙ አትቀይሩ ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከድንገተኛው ለውጥ ይልቅ መርዙ የከፋ ነው።

ወደ ውሃው ገጽ መሰብሰብ

ወይ ኦክስጅን አንሷል፣ ወይ አሞኒያ በዝቷል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ 70 በመቶ ያህል ነው፤ በእኩል ሙቀትም ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ለቆላ የተጻፈ መመሪያ ይህን አያሰላም። በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር ለእኛ ግዴታ ነው። መብራት ሲጠፋ መመገብ አቁሙ፣ በየጊዜው በኩባያ ውሃውን ቀድታችሁ ከፍ ካለ ቦታ መልሳችሁ አፍስሱ፣ ገንዳውን ዙሪያውን ሸፍኑ። ለዚህ የመንዝ ባና ካለ ሌላ አትፈልጉ፤ ከላይ ግን አየር እንዲገባ ክፍት ይሁን። ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ የዘጋችሁትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ማንሳፈፍም ሙቀቱን ያቆያል።

አሞኒያ የሚመጣው ካልበሰለ ገንዳ፣ ማለትም ቆሻሻን የሚያፈርሱት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገና ካልበዙበት፣ ወይም ከተረፈ ምግብ ነው። አዲስ ገንዳ ሽሪምፕ ከመግባቱ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ካልሆኑ አይገባም።

ሸዋ ሮቢት ላሉት ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ክዳኑን አንሱ፣ በቬንትሌተር ገጹን ንፉ።

እንቁላል የለም፣ ወይም ጫጩቶቹ ይጠፋሉ

ሴቷ ከራሷ ጀርባ ቢጫ ጥላ ካላት እንቁላሉ እየተዘጋጀ ነው። ጥላው እያለ ወራት ካለፉ ሙቀቱን እዩ። ከ20 ዲግሪ በታች መራባት ይቀዘቅዛል፣ ያለ ሂተር ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር የደብረ ብርሃን ገንዳ ከዚያ በታች ይወርዳል። ለአንድ ሊትር 1 ዋት ገደማ ሂተር አስልታችሁ ከ22 እስከ 25 ላይ አቆዩት፣ ሦስቱን ጎን በፎም ሸፍኑ። የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ከ20 እስከ 30 እንቁላሎችን በሆዷ ሥር ይዛ፣ በእግሮቿ እያራገበች ከ3 እስከ 4 ሳምንት ትቆያለች። መጀመሪያ የያዘች እናት ብትጥላቸው አትደንግጡ፣ በሚቀጥለው ይስተካከላል።

እንቁላል ተይዞ፣ ተፈልፍሎ ምንም ልጅ ካልተገኘ ሽሪምፑ አማኖ የተባለው ሌላ ዝርያ እንዳይሆን ተመልከቱ፦ ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጎኑ ላይ የነጠብጣብ ረድፍ አለው፣ እስከ 5 ሴንቲሜትር ያድጋል። የአማኖ እጮች ጨው ያለበት ውሃ ካላገኙ አያድጉም፣ በተራ ገንዳ አይራቡም። ቼሪ ከሆነ ግን ዓሣው እየበላቸው ወይም ፊልተሩ እየሳባቸው ነው። ዓሣውን ለዩ፣ የፊልተሩን መሳቢያ በስፖንጅ ሸፍኑ፣ መደበቂያ እንዲሆናቸው ጃቫ ሞስ የተባለውን የውሃ ተክል አብዙ። ሲበዙ ለጎረቤት አርቢ ስጡ እንጂ የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ፤ ይህ ዝርያ በተለቀቀባቸው ሌሎች አገሮች ወንዝ ውስጥ ሥር ሰዶ ቀርቷል።