የጎጃም የደን ለውጥ ካርታ ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የጎጃምን ደን የረጅም ዘመን ለውጥ የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ በ1950 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1957/58) የተነሱትን ጥቁርና ነጭ የአየር ፎቶዎች ከላንድሳትና ከሴንቲኔል ሳተላይቶች ምስሎች ጋር ያስተያያል። ካርታው ለውጥ ባሳየ ቁጥር ግን መጀመሪያ መጣራት ያለበት የተለወጠው ደኑ ነው ወይስ ምስሉ የሚለው ነው።

ፎቶው ከሳተላይት ምስሉ ጋር አይገጥምም

ቤተ ክርስቲያኑም፣ ድልድዩም፣ የወንዞቹ መገናኛም በእኩል ርቀት፣ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከሸሹ ችግሩ የዳተም (ካርታ ቦታን የሚለካበት መነሻ ሥርዓት) ነው። ፎቶውን ለማስገጠም ነጥብ የሚወሰድባቸው የድሮዎቹ ባለ 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ የዛሬው ምስል ግን በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። ከካርታው የወሰዳችሁትን ነጥብ አዲንዳን፣ ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ ፍርግርግ) ዞን 37 ሰሜን ብላችሁ አስገቡና ሶፍትዌሩ ይቀይረው።

ሜዳው ላይ ገጥሞ የጮቄ ተረተር ላይ ሲደርስ ከሸሸ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፎቶውን ያዛባው የመሬቱ ከፍታ ነው። አራት ጥግ ይዞ መወጠር አያስተካክለውም። የከፍታ ሞዴል (የመሬቱን ከፍታ በየነጥቡ የያዘ ዲጂታል ካርታ) ተጠቅማችሁ አርሙት፤ መቆጣጠሪያ ነጥቦችንም (በፎቶውም በሳተላይት ምስሉም የሚለዩ ቦታዎችን) ከሸለቆውም ከተራራው ጫፍም ውሰዱ።

የደብሩ ደን አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል

በ1972 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ላንድሳት 1 አንዱን ፒክስል (የምስሉን ትንሿን ነጥብ) ታይ የነበረው በ80 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሄክታር የሆነ የቤተ ክርስቲያን ደን በእሷ ምስል አምስት ፒክስል ቢሆን ነው፤ አብዛኛውም ከዙሪያው እርሻ ጋር የተቀላቀለ ነው። በሴንቲኔል 2 ያው ደን 300 ፒክስል ይሆናል። ሁለቱን አታነጻጽሩ። የአየር ፎቶውንና የቅርቡን ጥራት ያለው ምስል ጎን ለጎን አድርጋችሁ ዳሩን በእጅ ሳሉ፤ መካከል ያለው ግቢ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውንም አስቀድማችሁ ወስኑ።

ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች አሉ

ላንድሳት 7 ከግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያነሳቸው ምስሎች እንዲህ ናቸው። የላንድሳት 5 ምስል ካለ እሱን ውሰዱ፤ ከሌለ የተከታታይ በጋ ምስሎችን አጣምሩ።

በበጋ ያለቦታው አረንጓዴ፣ ወይም ያለቦታው ገላጣ

ክረምቱ ደመና ስለሆነ ሁሉም የጥርና የየካቲት ምስል ይመርጣል። ደጋው ላይ ትክክል ነው። መራዊ አካባቢ ግን የቆጋ መስኖ ስንዴ በየካቲት እንደ ዛፍ ያበራል፤ የግንቦት ምስል ጨምሩ፣ ሰብሉ ከታጨደ ይለያል። የአባይ በረሃ ዛፎች ደግሞ በበጋ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ እዚያ የጥቅምትና የኅዳር ምስል ይሻላል።

«ደኑ ጨምሯል»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማን የመሰለ ወረዳ ስታዩ የዛፉ ሽፋን ባለፉት አሥርተ ዓመታት ሽቅብ ወጥቷል። ምክንያቱ ዲከረንስ (ከውጭ የመጣ፣ ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዝርያ) ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ያቆማል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ለገበሬው ትልቅ ገቢ ነው፤ ነገር ግን ጽድም ወይራም ኮሶም አይደለም። ሁሉንም «ደን» ብሎ መደመር ያገር በቀሉን ዛፍ መጥፋት ይሸፍነዋል።

ስለዚህ የተፈጥሮ ደን፣ ባሕር ዛፍና ዲከረንስ በየመደባቸው ይለዩ። የአሥር ዓመት ርቀት ያላቸው ሁለት ምስሎች አይበቁም፤ አንዱ ማሳ ሁለቱንም ጊዜ ሊቆረጥ ሲል ሊገኝ ይችላል። በየዓመቱ የአንድ ወር ምስል ደርድሩ፦ በጥቂት ዓመት እየተገለጠ እንደገና የሚለብሰው ተክል ነው፣ ዓመት እስከ ዓመት የማይናወጠው የተፈጥሮ ደን ነው። ቅርጹም ይናገራል፤ ተክሉ የማሳውን ድንበር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የደብር ደን ክብ ነው።

የጥፋቱ ፍጥነት ከሌሎች ጥናቶች ጋር አይስማማም

የዘመን አቆጣጠሩን እዩ። እ.ኤ.አ. ሳይባል «1957» ተብሎ የተጻፈ ፎቶ እንደ ዓ.ም. ከተወሰደ እስከ 2010 ዓ.ም. 60 የነበረው 53 ዓመት ይሆንና ደኑ ከእውነቱ በላይ በፍጥነት የጠፋ ይመስላል። የፋይሉ ስም ላይ ሁለቱንም ዘመን ጻፉ።