በሁለት አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ እንዴት ማስላት ይቻላል?

የአየር ርቀትን ከመኪና መንገድ ርዝመት መገመት አያዋጣም። መኪና ተራራ ዞሮ፣ ድልድይ ፈልጎ ነው የሚደርሰው፤ የአየር ርቀት ግን የሚለካው ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ያግኙ። አንድ ከተማ ከአንድ በላይ ማረፊያ ሊኖረው ስለሚችል በከተማው ስም ሳይሆን በማረፊያው ባለ ሦስት ፊደል መለያ ይፈልጉ። አሃዙ በዲግሪና በደቂቃ ከተጻፈ ደቂቃውን ለ60 ያካፍሉ፤ 40 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ 40.5 እንጂ 40.3 አይደለም።

ከዚያ የኬክሮሶቹን ልዩነት በ111 ያባዙ፤ ውጤቱ ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን፣ ሌላው በስተ ደቡብ ከሆነ አሃዞቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም። ኬንትሮስ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታዎቹ በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ስለሚመጡ ልዩነቱን በ111፣ ውጤቱን ደግሞ በአማካዩ ኬክሮስ ኮሳይን (በሒሳብ ማሽን ላይ cos የሚለው ቁልፍ) ማባዛት ያስፈልጋል። በመጨረሻ የሁለቱን ውጤቶች ካሬ ደምረው ካሬ ሥሩን ይውሰዱ።

ለምሳሌ የኬክሮሱ ልዩነት 3 ዲግሪ፣ የኬንትሮሱ 4 ዲግሪ፣ አማካዩ ኬክሮስ 60 ዲግሪ ይሁን። የ60 ዲግሪ ኮሳይን 0.5 ነው፤ ስለዚህ 333 እና 222 ኪሎ ሜትር እናገኛለን፤ ርቀቱም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ኮሳይኑን የዘነጋ ሰው 555 ይደርስበታል! ይህ አቋራጭ ለአጭር በረራ ይበቃል፤ ለረጅም ርቀት የምድርን ክብነት የሚያሰላው የሃቨርሳይን ቀመር ይሻላል። ውጤቱን በባሕር ማይል ለማወቅ ለ1.852 ያካፍሉ።

አሁን ወደ ጊዜው። ባለ ፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል፤ 400 ኪሎ ሜትሩን በ48 ደቂቃ ይጨርሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ወደ መንደርደሪያው ለመሄድ፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምሩ። በሰዓት 800 የሚበርር ጄት በዚሁ መንገድ የሚያተርፈው 18 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉ ፍጥነቱን እንደያዘ ወዲያው መውረድ ስለሚጀምር በተግባር ከዚያ ያንሳል። በአጭር መስመር ላይ ለአውሮፕላኑ ዓይነት ብዙ መጨነቅ ትርፉ ጥቂት ነው።

ነፋስንም አይርሱ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ ያንን 48 ደቂቃ ወደ 55 ያሳድገዋል፤ ከኋላ ሲመጣ ግን ወደ 43 ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። በደርሶ መልስ ጉዞ የሚጎዳው ከሚጠቅመው ይበልጣል ማለት ነው። አውሮፕላኑም በተመደበለት የአየር መስመር ስለሚሄድ መንገዱ ካሰሉት ጥቂት ይረዝማል።

ግምትዎን ከበረራ ሰሌዳ ጋር ሲያመሳክሩ የመነሻውም የመድረሻውም ሰዓት በየቦታው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ያስታውሱ፤ የሰዓት ልዩነት ካለ መጀመሪያ ያስተካክሉት። ሰሌዳው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው፤ የፍተሻና የሻንጣ ጥበቃ ጊዜ ለብቻው ይታሰባል።