የቲቢ መድኃኒት በባዶ ሆድ፣ በረመዳንም ጭምር

የቲቢ መድኃኒት ለጀመራችሁ የወሎ ወገኖች፦ ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት፤ ቁርስና ቡና 1 ሰዓት ቆይቶ ይደርሳል። ውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ከምግብ ጋር ሲገናኝ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ከበላችሁ 2 ሰዓት ጠብቁ። በባዶ ሆድ በጣም የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ግን ከማቋረጥ ትንሽ ቂጣ ቀምሶ መዋጥ ይሻላል። የጨጓራ ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ ከቲቢው ኪኒን ጋር አንድ ላይ አይሁን።

ረመዳን ሲገባ ሐኪም ጾሙን ከፈቀደላችሁ፣ ከሱሁር ምግብ 1 ሰዓት ቀድማችሁ ዋጡት። ካልፈቀደ ለታመመ ሰው ቀዷ (ያለፈውን ጾም በኋላ መክፈል) እንዳለ አትርሱ።

ሽንት፣ ላብና እንባ ብርቱካንማ ይሆናል። ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ የዓይን ነጩ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ሲጠቁር፣ ምግብ ሲያስጠላና ሲያስመልስ ጉበት ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። እይታ ሲደበዝዝም እንዲሁ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠላና አረቄ ጉበቱን ስለሚጎዱ እስከ ሕክምናው መጨረሻ ይቅሩ።

እህቶች፣ ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ኪኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ ለባለሙያው ንገሩ።

አንድ ቀን ከተረሳ በነጋታው ደርባችሁ አትዋጡ። ሳሉ በ2 ወር ቢጠፋም የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ለቤተሰቡ ሊያተርፍ ይችላል።