«ፎርማት አድርግልኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ያሉበት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ድሮ ሁለት ሲስተም ያለበት ማሽን ይዞ የሚመጣው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ብቻ ነበር። አሁን የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ፎቶ ቤቱም፣ ቪዲዮ የሚቆርጠው የሰፈር ልጅም ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እዚህ የምናያቸውን ቆየት ያሉ ዴስክቶፖች አይቀበልም። ስለዚህ ሰዉ ዊንዶውሱን ሳያጠፋ ኡቡንቱን፣ ማለትም ነፃውን የሊኑክስ ሲስተም፣ ጎን ለጎን አስገባ። ጥሩ አደረገ።

ጣጣው አልነሳ ያለ ቀን ነው። በሬ ላይ ቆሞ የሚለው አንድ ዓይነት ነው፦ «ዲስኩ ሞቷል፤ ፎርማት አድርግልኝ።» ኧረ ቆይ! አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው። ዊንዶውሱም፣ ኡቡንቱም፣ የልጆቹ ፎቶም በነበሩበት ቁጭ ብለዋል። የጠፋው ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

ገመዱ መጥበቁን፣ ራሙ መጽዳቱን፣ ፍላሽ ተሰክቶ አለመረሳቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው፤ እናንተ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትመቷቸው።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አልነሳ አለ

እጄ ላይ የበዛው ይኼ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ሦስት መልክ አለው። ወይ ጥቁር ስክሪን ላይ «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል። ወይ ኡቡንቱ በሰላም እየገባ ዊንዶውስ ብቻ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ደጋግሞ ሪስታርት ያደርጋል። ወይ ደግሞ ግረብ፣ ማለትም «የቱን ላስነሳ?» ብሎ የሚጠይቀው ዝርዝር፣ ጭራሽ ሳይመጣ ዊንዶውስ ይገባል። ሦስቱም ላይ መጀመሪያ ባዮስ፣ ማለትም ከሲስተሞቹ በፊት የሚነሳው የቦርዱ የራሱ ማስተካከያ፣ ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን እዩ። የዛሬ ስንት ዓመት ያለ ቀን ካሳያችሁ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል።

ባትሪዋ የመኪና ሪሞት ውስጥ የምትገባዋ ሳንቲም መሳይ ናት። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ወርዷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ሥራዋ ማሽኑ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱንና የባዮስ ምርጫዎችን መያዝ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ ቦርዱ ከፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ስለሚያገኝ እሷ ብዙም አትነካም። መብራት በማይጠፋበት ቢሮ ባትሪው ሞቶ ማንም ሳያውቅ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እኛ ጋ ግን መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ ይመጣል። «ሲመለስ እንዳያቃጥልብኝ» ብለንም ሶኬቱን እንነቅላለን፤ ደግሞ ልክ ነን። ያኔ ነገሩ ሁሉ በዚያች ሳንቲም ላይ ይወድቃል። እሷ ከሌለች ብዙ ቦርዶች ወደ ፋብሪካ ምርጫቸው ይመለሳሉ።

ፋብሪካው ደግሞ እናንተ ቤት ምን እንደተጫነ አያውቅም። የሚያስለቅሱት ሦስት መስመሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የማስነሻ ዓይነት ነው፤ አሮጌው ሌጋሲ ወይስ አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ሲስተሞቹ በሌጋሲ ተጭነው ቦርዱ ወደ ዩኢኤፍአይ ከተመለሰ ዲስኩን ቢያየውም የሚነሳ ነገር አያገኝበትም። «ዲስክ የለም» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ሁለተኛው የሳታ፣ ማለትም ቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት፣ ምርጫ ነው፤ ኤኤችሲአይ ወይስ ሬይድ። አንዳንድ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ሬይድ ላይ ናቸው። ዊንዶውስ በኤኤችሲአይ ተጭኖ ሳለ ይኼ ከተቀየረበት ሰማያዊ ያደርጋል። ኡቡንቱ ግን በተራ የሳታ ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይመስለው ይገባል። ስለዚህ ኡቡንቱ እየገባ ዊንዶውስ ሰማያዊ ካደረገ፣ ዊንዶውሱን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። ይቺን መስመር መልሷት።

ሦስተኛው ተራው ነው፤ ማን ይቅደም የሚለው። ኡቡንቱ መሆኑ ቀርቶ የዊንዶውሱ አስነሺ አንደኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ዴስክቶፗን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችው። ሌላ ቦታ ወስዳው ነበር። «ዲስኩ ሞቷል» ብለው አዲስ ኤስኤስዲ ሸጠውላታል። አዲሱም በሳምንቱ፣ መብራት በጠፋ ማግስት፣ እንደ አሮጌው አልነሳ አለ። ሳበራው ስክሪኑ ቀንና ሰዓት እንዳልተሞላ ነግሮኝ «ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫን» አለኝ።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የቱ? ኤፍ1? እሱማ ሁልጊዜ ነው። ሲከፈት እሱን መጫን አይደል እንዴ?»

ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ኤፍ1 እየተጫነች ሥራ ጀምራለች። ማሽኑ ስምንት ወር ሙሉ «ባትሪዬ አልቋል» እያለ ይጮህ ነበር ማለት ነው። ባትሪውን ቀየርኩ፣ ሁለት መስመር መለስኩ፣ «የሞተውን» ዲስክ ሰካሁት። ግረብ መጣ። የሦስት ዓመት ሒሳቧ አንድም ፋይል ሳይጎድል ቁጭ ብሏል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉና ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ የተረፈው ኃይል ይውጣ። ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ላሜራ በጥፍር ገፋ ስታደርጓት ራሷ ብድግ ትላለች። በቢላዋ አትፈልቅቁ! ከባትሪዋ ሥር ያለውን የቦርድ መስመር የቧጨረ ሰው አውቃለሁ፤ የዚያን ማሽን መጨረሻ አልነግራችሁም። በቴስተር ለኳት። አዲስ ከ3 ቮልት በላይ ታሳያለች፤ ከ2.8 ከወረደች ጣሏት። አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ልል ከሆነች ወረቀት አጥፋችሁ አትደግፉ፤ ላሜራዋን በትንሹ ወደ ውስጥ አጥፏት።

ባትሪው ላይ አትሰስቱ። ካርቶን ላይ በአምስት በአምስት ተደርድሮ የሚሸጠው ርካሹ፣ የገዛችሁት ቀን 3 ቮልት ያሳይና ክረምቱን ሳይጨርስ ይሞታል። እኔ ቴስተር ይዤ ሄጄ ሻጩ ፊት እለካለሁ። ይበሳጫል። ይበሳጭ።

ከዚያ ባዮስ ግቡ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ፣ ሦስቱን መስመሮች መልሱ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር፣ ማለትም በራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ግን ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥር በእጃችሁ አድርጉ። በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያለ እሱ ዊንዶውሱ አይከፈትም፤ እኔም አልከፍተውም፤ «እከፍተዋለሁ» የሚላችሁም ዋሽቶ ነው።

ሲስተሞቹ በየትኛው እንደተጫኑ ካላወቃችሁ ሁለቱንም ሞክሩ፤ ሌጋሲ አድርጋችሁ አስነሱ፣ እምቢ ካለ ዩኢኤፍአይ። መሞከር ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም። አንዱ ሲስተም በአንደኛው፣ ሌላው በሌላኛው ብቻ የሚነሳ ከሆነ የጫነላችሁ ሰው አደበላልቆታል። ግረብም ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግራችሁ አይችልም። ያኔ ኡቡንቱን ከዊንዶውሱ ጋር በተመሳሳይ ዓይነት እንደገና መጫን ነው የሚያዋጣው።

እኔ ስጨርስ የሳጥኑ ክዳን ውስጥ ፕላስተር ለጥፌ በእስክርቢቶ እጽፋለሁ፦ «ዩኢኤፍአይ። ኤኤችሲአይ። ኡቡንቱ 1ኛ።» ከሥሩ ባትሪ የተቀየረበትን ቀን። እናንተ በስልካችሁ የባዮሱን ገጾች ፎቶ አንሱ። ፎቶውን ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡት፤ እንዲህ ያደረገ ደንበኛ አለኝ።

ዊንዶውስ አፕዴት አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ኡቡንቱ የለም

አለ። ስታበሩ የማስነሻ ምርጫውን ክፈቱ፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ከዝርዝሩ ኡቡንቱን ምረጡ። ከገባ የተቀየረው ተራው ብቻ ነው፤ ባዮስ ውስጥ አንደኛ አድርጉት። ኡቡንቱ የሚል ስም ከሌለ በላይቭ ፍላሽ፣ ማለትም ሳይጫን ከፍላሹ በሚነሳ ኡቡንቱ፣ ገብታችሁ ቡት ሪፔር የሚባለውን የማስነሻ መጠገኛ ጫኑና የመጀመሪያውን ቁልፉን ተጫኑ። ሌላውን ምርጫ አትነካኩ።

ስለ ፍላሹ አንድ ነገር። 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ ገበያው ላይ ሞልቷል። ኡቡንቱ የተጻፈበት ፍላሽ መሀል ላይ ከቆመባችሁ ኮምፒውተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ፍላሹን ቀይሩ።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት የብዙ ሰው ሊኑክስ እንዳይነሳ አድርጎ ነበር። ስለ «ሺም» እና «ኤስባት»፣ ማለትም ስለ ሊኑክሱ አስነሺ ማረጋገጫ፣ አንድ መስመር ጽፎ ማሽኑ ይጠፋል። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን፣ ያልተፈረመ አስነሺ የሚከለክለውን ምርጫ፣ አጥፉ፣ ኡቡንቱን አስነስታችሁ ሙሉ አፕዴት አድርጉ፣ መልሳችሁ አብሩት። የቢትሎከሩን ማስጠንቀቂያ እዚህም አስታውሱ።

ግረብ ሬስኪው

ጥቁር ስክሪን፣ «እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም» የሚል መስመር፣ ከሥሩ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም። ይኼ ከመብራት አይመጣም። የሆነ ሰው ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስኩን ክፍልፋይ፣ ነካክቷል። ሁሉም መጀመሪያ «እኔ ምንም አልነካሁም» ይላል። ሻይ ሲመጣ ይናዘዛል።

አንዱ ልጅ ለጌም ቦታ አነሰኝ ብሎ የዲ ፓርቲሽንን አጠፋ። ኡቡንቱን አልነካም፤ እውነቱን ነው። ግን በአሮጌው ኤምቢአር አከፋፈል ዲ 5ኛ፣ ኡቡንቱ 6ኛ ነበሩ። 5ኛው ሲጠፋ 6ኛው ወርዶ 5ኛ ይሆናል። ግረብ አሁንም 6ኛን ያንኳኳል። ቤቱ አለ፤ የቤት ቁጥሩ ነው የተቀየረው።

ኤል ኤስ ብላችሁ ኢንተር በሉ፤ ያሉትን ፓርቲሽኖች በቅንፍ ይዘረዝራል። አንድ በአንድ ሞክሩ፦ ኤል ኤስ (ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5)/። ሆም፣ ቡት፣ ኢቲሲ የሚሉ ፎልደሮችን የዘረዘረው እሱ ነው። ከዚያ በተራ፦ ሴት ፕሪፊክስ=(ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5)/ቡት/ግረብ፤ ሴት ሩት=(ኤችዲ0,ኤምኤስዶስ5)፤ ኢንስሞድ ኖርማል፤ ኖርማል። ዝርዝሩ ይመጣል።

እዚህ ላይ ደስ ብሏችሁ አታቁሙ! ይኼ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኡቡንቱ ገብታችሁ ተርሚናል ላይ ሱዶ ግረብ-ኢንስቶል ካላችሁ በኋላ የዲስኩን ስም አስከትሉ። ዲስኩን እንጂ ፓርቲሽኑን አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ቁጥር አይጻፍም። ከዚያ ሱዶ አፕዴት-ግረብ።

የጠፋው ራሱ የኡቡንቱ ፓርቲሽን ከሆነ ላዩ ላይ ምንም አትጻፉበት። ማሽኑን አጥፉ፤ በላይቭ ፍላሽ ገብታችሁ ቴስትዲስክ በሚባለው ፈልጉት። ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ «እስቲ ፎርማት አድርጌ ልየው» ያለ ሰው ካልቀደማችሁ።

ኡቡንቱ አለ፣ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ጠፋ

ግረብ ከስሪት 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን በራሱ መፈለግ ትቷል፤ ለደህንነት ተብሎ ነው። ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት ፎልደር ውስጥ ያለውን የግረብ ፋይል ክፈቱ። ግረብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር የሚለውን መስመር ፎልስ አድርጉት። መስመሩ ፊት የመሰላል ምልክት ካለ አንሱት። ከሌለ ራሳችሁ ጻፉት፤ በቃላቱ መካከል ከታች የምትሰመር መስመር እንጂ ክፍተት የለም። ከዚያ አፕዴት-ግረብ።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ጽሑፍ ላይ ከቆመ ፋይል ሲስተሙ መብራት ሲጠፋ ተጎድቷል፤ ኤፍኤስሲኬ ብላችሁ እሱ የጠራውን የፓርቲሽን ስም አስከትሉ። በየሳምንቱ ከተደጋገመ ግን አሁን እውነትም ዲስኩን ጠርጥሩ። ኡቡንቱ ጥቁር ሆኖ ከቀረና ኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ፣ ግረብ ላይ ኢ ተጭናችሁ ሊኑክስ በሚለው መስመር መጨረሻ ኖሞድሴት ጨምሩ።

የዊንዶውሱ ፓርቲሽን ኡቡንቱ ውስጥ አልከፈት ወይም አልጻፍ ካለ ፋስት ስታርታፕ ነው። ሸት ዳውን ስትሉት ዊንዶውስ በደንብ አይጠፋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። በአስተዳዳሪ የተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ላይ ፓወርሲኤፍጂ ስላሽ ኤች ኦፍ ብላችሁ ገላግሉት። ኡቡንቱ ላይ በግድ አትክፈቱት፤ ፋይል የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ስለ ሰዓት ደግሞ በየሳምንቱ ይደወልልኛል። ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ምንም አልተበላሸም። ኡቡንቱ ቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ የአገሬው ነው ብሎ ያነበዋል። በመካከላቸው ያለው የእኛ 3 ሰዓት ነው። ኡቡንቱ ላይ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1 በሉ፤ ይታረቃሉ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ግን ሶፍትዌር አትነካኩ። ባትሪ ተቀይሮ ባዮሱ ሲሞላ ከጠዋቱ 2 ሰዓትን «2» ብሎ የሞላ ሰው ቤታችሁ ውስጥ አለ።