በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ ለአነስተኛ እርሻ የሚበቃውን ትራክተር እንዴት እንደሚመርጡ

ትራክተር ሊገዛ መደብር የገባ ገበሬ በመጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" ብሎ ነው። ሻጩም ቁጥሩን ይነግረውና ቀስ በቀስ ከፍ ወዳለው እየመራ ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ሁለት ሄክታር ሽንኩርት ያለው ሰው ለሰፊ የስንዴ ማሳ የተሠራ ማሽን ገዝቶ፣ እርከኑ ላይ ማዞር አቅቶት፣ የናፍጣው ወጪም ከብዶት ማየት ያሳዝናል። ለአንድ ቤተሰብ ትራክተር ምናልባት ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ነው። ምርጫው መጀመር ያለበት ከማሳው ነው፤ መደብሩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ማሳውን በሜትር ይለኩ

መሬትን በጥማድ መቁጠር የለመድን ነን። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ነው ይባላል፤ ልኩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ሜትርና ገመድ ይዘው ይውጡ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው።

ከጠቅላላው ስፋት ይበልጥ የሚጠቅሙት ሦስት ጠባብ ቦታዎች ናቸው፤ የመግቢያው መንገድ፣ በዛፍ ረድፎች መካከል ያለው ክፍተት፣ ትራክተሩ የሚዞርበት የማሳው ጫፍ። ረድፉን ከግንድ እስከ ግንድ አይለኩ። ከቅርንጫፍ ጫፍ እስከ ቅርንጫፍ ጫፍ ይለኩ። የማንጎ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደሚንሰራፋ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ባለው ክፍተት ብቻ አይተማመንም። ከ25 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አነስተኛ ትራክተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.4 ሜትር ስፋት አላቸው። ወደ 50 ሲጠጋ ስፋቱ 1.6 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። በግራና በቀኝ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። በዚህ ስሌት 1.3 ሜትር ስፋት ያለው ትራክተር 1.9 ሜትር ክፍት መንገድ ይፈልጋል። ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ወደ ኋላ ሳይመለስ በአንድ ጊዜ ለመዞር ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሜትር ያስፈልገዋል።

በድሬዳዋ አጠገብ በመልካ ጀብዱ በኩል ላለ ለጥ ያለ ማሳ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ከደንገጎ ሽቅብ ወደ ሐረማያና ወደ ሐረር ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስፋቱ ሦስት አራት ሜትር ብቻ የሆነ እርከን ላይ ባለ አራት ጎማ ትራክተር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቦታው አይደለም። የእርከኑን ጠርዝ ያፈርሳል፣ ሹፌሩንም ለአደጋ ያጋልጣል። እንዲህ ላለው ማሳ በእጅ የሚመራ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ወይም በሬ ይሻላል።

ተዳፋቱንም ይለኩ። የ10 ሜትር ገመድና ግንበኞች የሚጠቀሙበት የውኃ ልክ በቂ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ ላይኛው መሬት ላይ ያስይዙ፤ እርስዎ ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ይውረዱና ገመዱ በውኃ ልኩ ቀጥ እስኪል ድረስ ከፍ ያድርጉት። በእጅዎ ያለው ጫፍ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው። በዚህ ተዳፋት ላይ ትራክተር በጎን እንዲሄድ ፈጽሞ አልመክርም።

ሥራዎቹን ይለዩ

አሁን ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ይጻፉ፤ ማረስ፣ መከስከስ፣ ቦይ ማውጣት፣ ፍግ ማጓጓዝ፣ ውኃ ማመላለስ፣ መድኃኒት መርጨት፣ ምርት ወደ ገበያ መንገድ ማውጣት። ከእያንዳንዱ ጎን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ይጻፉ። ትራክተሩ መመረጥ ያለበት ደጋግመው ከሚሠሩት ሥራዎች መካከል በጣም ከባዱን እንዲችል ተደርጎ ነው። ለዓመታት ያልታረሰ ጠፍ መሬት መስበር ወይም ጥልቅ እርሻ ማረስ በዓመት አንዴ፣ ምናልባትም በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣ ሥራ ነው፤ ለእሱ ትልቅ ትራክተር ለአንድ ቀን ተከራይቶ ማሳረስ ይሻላል። ለአንድ ቀን ሥራ ብለው ትልቅ ማሽን ከገዙ፣ የቀረውን ዓመት ሁሉ ትርፍ ክብደትና ትርፍ ናፍጣ ይሸከማሉ።

መስኖን በሚመለከት አንድ ነገር ላክል። ብዙዎች ትራክተሩን ከፓምፕ ጋር አያይዘው ውኃ ለመሳብ ያስባሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን ትልቅ ሞተር ቀኑን ሙሉ ለትንሽ ፓምፕ ማስነሳት ናፍጣ ማባከን ነው። ፓምፑ የራሱ ሞተር ይኑረው።

ጉልበቱን በስሌት ያግኙ

ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያመርት አነስተኛ እርሻ፣ ደጋግሞ ከሚመጡት ሥራዎች ከባዱ ብዙውን ጊዜ መሬቱን በሮታቬተር፣ ማለትም በሚሽከረከሩ ምላጮች አፈሩን በሚያደቅ መሣሪያ፣ ማላም ነው። ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሮታቬተር ስፋት ከ5 እስከ 6 የፈረስ ጉልበት በኋላው ዘንግ ላይ ያስፈልጋል። ይህ ዘንግ ሻጮች ፒቲኦ የሚሉት፣ መሣሪያውን የሚያሽከረክረው ነው። ካታሎጉ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሞተሩ ጉልበት ሲሆን፣ ዘንጉ ጋ የሚደርሰው ከዚያ ከ80 እስከ 85 በመቶ ያህሉ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ለይተው ይጠይቁ።

በመልካ ጀብዱ ሦስት ሄክታር ለጥ ያለ ማሳ አለ እንበል፤ ሁለቱ ሄክታር አትክልት፣ አንዱ ማንጎና ፓፓያ። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ሮታቬተር ከ20 እስከ 24 የፈረስ ጉልበት በዘንጉ ላይ ይፈልጋል፤ ይህም በሞተር ሲሰላ ከ25 እስከ 29 ገደማ ነው። ሥራውን በስንት ሰዓት ይጨርሳል? የመሣሪያውን ስፋት በሜትር፣ በሰዓት በሚጓዘው ኪሎ ሜትር ያባዙና ለ10 ያካፍሉ፤ ሄክታር በሰዓት ያገኛሉ። 1.2 በ3 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 0.36 ነው። በመዞርና በመቆም የሚባክነውን ሩብ ሲቀንሱ 0.27 ይቀራል። ሁለቱ ሄክታር በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል ማለት ነው።

በ50 የፈረስ ጉልበት ትራክተርና በ1.6 ሜትር ሮታቬተር ያው ሥራ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በአንድ ዙር የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ነው። ለዚህ ሁለት ሰዓት ሲባል የሚጨመረውን የመግዣ ገንዘብ፣ የጎማ ዋጋና መሬቱን የሚጠቀጥቀውን ክብደት አስበው ራስዎ ይፍረዱ።

ከፍታው ከጉልበቱ ይቀንሳል

ይህን ሻጭ ሲናገር ብዙ አይሰማም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ካታሎጉ ላይ 30 የተባለው ሞተር ድሬዳዋ ላይ 26 ገደማ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ከ25 በታች ይሰጣል። ስለዚህ በሐረር ዙሪያ ባሉት በሶፊ ወይም በድሬ ጥያራ ያው 1.2 ሜትር ሮታቬተር እንዲሠራ ከተፈለገ 35 የፈረስ ጉልበት ያለውን መመልከት ተገቢ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ኪሳራ በእጅጉ ያቃልላል፤ ግን የዘይትና የማጣሪያ እንክብካቤው ጥብቅ ነው።

ድሬዳዋ ላይ የከፍታው ጉዳት ቢያንስም ሙቀቱ አለ። በሙቀትና በአቧራ ራዲያተሩ ቶሎ ይደፈናል፤ ስለዚህ ያለ ቁልፍ በእጅ ወጥቶ የሚጸዳ የራዲያተር መረብ ያለውን ይምረጡ።

አፈሩና ክብደቱ

ጉልበት ብቻውን አይጎትትም። ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ክብደት ያስፈልጋል። አራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር በታረሰ መሬት ላይ የሚጎትተው ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉን ነው፤ ከአንድ ቶን ማሽን የ400 ኪሎ ጉተታ ይጠበቃል። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ትልም መካከለኛ አፈር ላይ 250 ኪሎ ያህል ጉተታ ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ ማሽን አንድ ትልም በሰላም ያወጣል፤ ሁለተኛ ትልም ሲጨመርበት ግን ጎማው መንሸራተት ይጀምራል፣ ሞተሩ ጉልበት ቢኖረውም።

የባቢሌ ዓይነት አሸዋማ መሬት፣ ለውዝ የሚበቅልበት፣ ለማረስ ቀላል ነው፤ ምላጩን ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አፈር ቀለል ያለ ማሽን ይበቃል፤ ገንዘቡን ለመለዋወጫ ምላጭ ያስቀምጡ። ጥቁር መረሬ ያለበት ቦታ ተቃራኒው ነው። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ የሚታረስበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ከፍ ያለ ጉልበትና ክብደት ያስፈልገዋል። አፈሩን በጭብጥዎ ጨብጠው ይሞክሩ፤ ተጣብቆ ዱላ የሚሆን ከሆነ ገና ነው፣ ትራክተር አያስገቡበት። በተዳፋት መሬት ላይ ሮታቬተር ማብዛትም አይገባም። አፈሩን እንደ ዱቄት ስለሚያደርገው በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተጠርጎ ይሄዳል።

ውኃ ለሚያመላልስ ሰው የክብደት ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው፤ የተጎታቹ ብረት ሲጨመር አንድ ቶን ተኩል ሊጠጋ ይችላል። ፍሬን የሌለው ተጎታች ከነጭነቱ ከትራክተሩ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ትራክተሩን ይገፋዋል። ግማሹ ብቻ የተሞላ ታንከር ደግሞ ውኃው ወዲያና ወዲህ ስለሚማታ ከሙሉው ይበልጥ ያናውጣል። ሞልተው ይጓዙ ወይም ታንከሩ በውስጡ መከፋፈያ ይኑረው። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ። ትራክተሩ ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚያድነው የብረት ቀስትና የወንበር ቀበቶ የሌለውን ማሽን፣ በስጦታም ቢሆን፣ ወደ ተራራ አይውሰዱ።

መግዛት ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ

በላይ ያየነው የሦስት ሄክታር ማሳ በዓመት ሁለት ወቅት፣ በየወቅቱ ሁለት ዙር ቢላም፣ የሮታቬተሩ ሥራ 30 ሰዓት ብቻ ነው። ጭነትና ርጭት ቢጨመርበትም ከመቶ ሰዓት ብዙ አያልፍም። በእኔ ግምት በዓመት 200 ሰዓት ሥራ የማያገኝ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ለባለቤቱ ሸክም ነው። ቀሪውን ሰዓት ለጎረቤት በማከራየት መሙላት ይቻል እንደሆነ፣ የአካባቢዎ ሰው በሰዓት ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድመው ይጠይቁ። በደቦ አብረው የሚሠሩ ጥቂት ጎረቤታሞች አንድ ማሽን በጋራ ቢገዙ ደግሞ፣ ማን መቼ እንደሚወስደውና ጥገናውን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይወስኑ። ሁሉም የሚፈልጉት ዝናብ በጣለ ማግስት ነውና።

ከአንድ ሄክታር በታች ላላቸው፣ ከ8 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በአብዛኛው ይበቃል። ያርሳል፣ ትንሽ ተጎታች ይስባል፣ በእርከን መካከልም ይሄዳል። ዋጋው ለከበዳቸው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የካፒታል ዕቃዎች ሊዝ አገልግሎት አለው፤ መስፈርቱን ከቅርንጫፉ ይጠይቁ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት

ትራክተሩና ዋናው መሣሪያ በአንድነት እርስዎ ማሳ ላይ ይምጡ። መጀመሪያ የመንጠልጠያውን ፒን፣ መሣሪያው ከትራክተሩ ኋላ የሚያያዝበትን ዘንግ፣ ውፍረት በካሊፐር ይለኩ። ለአነስተኛ ትራክተሮች የተለመደው የታችኛው ፒን 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፍ ላሉት 28። ልኩ ካልገጠመ፣ ሻጩ በብየዳ ማስተካከል ይቻላል ቢልዎት አይቀበሉ። የትራክተሩና የመሣሪያው መጠን አለመመጣጠኑን ያሳያልና።

ከዚያ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ መሣሪያውን በሙሉ ጥልቀት አስገብተው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያሠሩት። የሙቀት መለኪያው ቀይ ሳይነካ መቆየት አለበት። ጭስ ማውጫው ያለማቋረጥ ጥቁር ጭስ ካወጣ መሣሪያው ለሞተሩ በዝቶበታል። መሣሪያውን ወደ ላይ ሲያነሱ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ከቀለሉ የፊት ክብደት ይጨመር ወይም መሣሪያው ይነስ። ጠባቡ ጫፍ ላይ ደጋግመው ያዙሩት። ማሽኑን የሚነዳው ልጅዎ ወይም ተቀጣሪ ከሆነ እሱ ይሞክረው፤ ፔዳሉ እግሩ ጋ ደርሶ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ መቻል አለበት።

ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ የአየር ማጣሪያውን አስከፍተው አቧራውን ይዩ። በእኛ አገር አፈር ቶሎ የሚያልቀው ዕቃ ይህ ነው። የማጣሪያውን ቁጥር ይጻፉ፤ የዘይት ማጣሪያውን፣ የቺንጊያውንና የፍሪሲዮኑንም እንዲሁ። ይዘውት ወደ ድሬዳዋ መለዋወጫ ሱቆች ይሂዱና ዕቃው መደርደሪያ ላይ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ "እናስመጣለን" የሚል መልስ ካገኙ ሌላ ዓይነት ትራክተር ይፈልጉ።